ዝናቡ ሲቀር ጫጩቶቹን ማን ይመግባል?

በደቡብ አፍሪካ፣ በካላሃሪ ደረቅ ምድር ላይ አንድ ግራር ቆሟል እንበል። ቅርንጫፎቹ ላይ ከደረቅ ሣር የተሠሩ ብዙ ጎጆዎች ተንጠልጥለዋል። አንዲት ወፍ በመንቁሯ ትል ይዛ መጣችና ወደ አንዱ ጎጆ ገባች። የጫጩቶች ጩኸት ተሰማ። ትሉን አጉርሳ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ወፍ መጣ፤ እሱም አጎረሰ። ከዚያ ሦስተኛ፣ ከዚያ አራተኛ።

ቆይ፣ ጫጩቶቹ ያሏቸው አንድ እናትና አንድ አባት አይደሉም እንዴ? ታዲያ የቀሩት ሁለቱ ከየት መጡ?

የቀሩት ሁለቱ የራሳቸው ዕንቁላል የላቸውም። የሚመግቡት የሌላ ወፍ ጫጩት ነው። ይህ ራሱ ይገርማል። የበለጠ የሚገርመው ግን እንዲህ ያለው መረዳዳት በብዛት የሚታይበት ቦታ ነው፦ ምግብ የተትረፈረፈበት ሳይሆን፣ ዝናቡ አንድ ዓመት መጥቶ በሌላው የሚቀርበት አገር። እኛ ሰዎች ኑሮ ሲከብደን «ለራሴ ሳይኖረኝ ለማን ልስጥ?» እንላለን። እነዚህ ወፎች ግን ነገሩን የገለበጡት ይመስላሉ። ለምን?

መልሱን ደረጃ በደረጃ እንየው። መሐል ላይ ትንሽ ሂሳብ አለች፤ አትፍሩ፣ ማባዛት ከቻላችሁ በቂ ነው።

ረዳቶቹ እነማን ናቸው?

ይህን አኗኗር «በትብብር ጫጩት ማሳደግ» ልንለው እንችላለን። በዓለም ላይ ካሉት የወፍ ዝርያዎች ወደ 9 ከመቶ የሚሆኑት እንዲህ ይኖራሉ ተብሎ ይገመታል። የሚራቡት ጥንዶች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ረዳቶች አሉ። ረዳቶቹ ጎጆ ይሠራሉ፣ ጫጩት ይመግባሉ፣ እባብ ወይም ጭልፊት ሲመጣ ይጮሃሉ፣ ያባርራሉ። ብዙ ጊዜ ረዳቱ ከዚህ ቀደም ከዚያው ጎጆ የወጣ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነው። ክንፍ አውጥቶ፣ መብረር ችሎ፣ ግን ከቤት ሳይወጣ የቀረ ልጅ ማለት ነው።

እንደዚህ ያሉትን ወፎች ለማየት ካላሃሪ ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ላንጋኖ ወይም አዋሽ ሄዳችሁ ምሳ ስትበሉ፣ ጀርባው እንደ ሰማያዊ ብረት የሚያብረቀርቅ፣ ሆዱ እንደ ብርቱካን የቀላ፣ ደረቱ ላይ ነጭ መስመር ያለው፣ ዓይኑ ነጣ ያለ ወፍ ፍርፋሪ ለመልቀም ጠረጴዛችሁ ሥር መጥቶ አያውቅም? እሱ «ሱፐርብ ስታርሊንግ» ይባላል፤ እኔ ለማሳጠር «ስታርሊንግ» እለዋለሁ። በስምጥ ሸለቆ ያለ ሰው በየቀኑ ስለሚያየው ልብ ላይለው ይችላል እንጂ፣ በትብብር ጫጩት ከሚያሳድጉ ወፎች ሁሉ በብዛት ከተጠኑት አንዱ ነው። መግቢያው ላይ ያየነው የካላሃሪ ጎጆ ሠሪም የእኛ አገር ነዋሪ ነው። ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ የመሰለ መስመር ስላለው «ነጭ ቅንድብ» እንበለው። ከደቡብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ድረስ ይገኛል።

የመጀመሪያው መልስ፦ ዘመድ ነው

እ.ኤ.አ. በ1964 ዊልያም ሃሚልተን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ አንድ ቀላል ሐሳብ በሂሳብ አስቀመጠ። አንድ እንስሳ ዘረ መሉን ወደሚቀጥለው ትውልድ የሚያስተላልፍባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ራሱ መውለድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዘመዶቹ ብዙ ልጆች እንዲያሳድጉ መርዳት ነው፤ ዘመድ ከእሱ ጋር ዘረ መል ይጋራልና። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድምና እህት በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። ስለዚህ እርዳታው ለዘመድ የሚያስገኘው ጥቅም በዝምድናው መጠን ተባዝቶ፣ ረዳቱ ከሚከፍለው ዋጋ ከበለጠ፣ መርዳት ያዋጣል።

ታዲያ ዝናቡ እዚህ ጋ ምን አገባው?

ለዚህ ወደ ኬንያ ስምጥ ሸለቆ፣ ናኩሩ ሐይቅ አካባቢ እንሂድ። ስቲቨን ኤምለን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በዚያ የሚኖሩትን ነጭ ግንባር ያላቸውን ንብ በል ወፎች አጥንቷል። እነዚህ ወፎች በአፈር ገደል ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በብዛት አንድ ላይ ይፈለፍላሉ። ኤምለን ያየው ይህን ነው፦ ከመራቢያው ወቅት በፊት ጥሩ ዝናብ ከጣለ፣ ብዙዎቹ ወጣቶች የራሳቸውን ጎጆ ይይዛሉ። ዝናቡ ካነሰ ደግሞ ብዙዎቹ ጎጆ መያዙን ይተዉና ወላጆቻቸውን ይረዳሉ።

ይህ ከሃሚልተን ሂሳብ ጋር ልክ ይገጥማል። በመጥፎ ዓመት ልምድ የሌለው ወጣት ብቻውን ቢጀምር ሊያተርፍ የሚችለው ጫጩት ጥቂት ነው። ስለዚህ ትቶት የሚሄደው ነገር ትንሽ ነው። ባልና ሚስት ገና ተጋብተው፣ የእህል ዋጋ ጣሪያ ነክቶ፣ የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲል «እስቲ ለጊዜው ቤተሰብ ጋ እንቆይ» እንደሚሉት አስቡት።

እነዚሁ ንብ በሎች አንድ አስቂኝ ጸባይም አላቸው። ልጁ ሚስት አግኝቶ ጎጆ ሊይዝ ሲል አባት ሄዶ ይረብሸዋል፦ ጉድጓዱ በር ላይ ይቆምበታል፣ ለሚስቱ ያመጣውን ምግብ «ለእኔ ስጠኝ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ልጁ ተስፋ ቆርጦ ወደ አባቱ ጎጆ ይመለስና ይረዳል። ኤምለንና ፒተር ሬጅ ይህን እ.ኤ.አ. በ1992 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አሳትመውታል። መረዳዳት ሁልጊዜ ፍቅር ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ጫናም አለበት።

ከዝናብ እስከ ጫጩት አፍ

አሁን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ድርቅ ወፏን የሚጎዳት «ውሃ ስለጠማት» ብቻ አይደለም። ብዙ የደረቅ አገር ወፎች ከሚበሉት ነፍሳት ውስጥ ውሃ ያገኛሉ። ዋናው ችግር የምግቡ ሰንሰለት ነው። ዝናብ ሲጥል ሣር ይበቅላል። ሣሩን ትልና ፌንጣ ይበላዋል። ምስጥና ጥንዚዛ ወደ መሬቱ ገጽ ይወጣሉ። እነዚህ ለስላሳና በፕሮቲን የበለጸጉ ነፍሳት ናቸው ጫጩት የሚያሳድጉት። እህል የሚበሉ ብዙ ወፎች እንኳ ጫጩታቸውን የሚመግቡት ነፍሳት ነው።

ዝናቡ ሲቀር ሰንሰለቱ ከሥሩ ይበጠሳል። ነፍሳቱ ፈጽመው አይጠፉም፤ ግን ይመነምናሉ፣ ይበታተናሉ። ከዚህ በፊት በአንድ ቁጥቋጦ ሥር ይገኝ የነበረው ትል አሁን አሥር ቁጥቋጦ መፈተሽ ይጠይቃል። ይህ የጉልበት ችግር ነው። ሁለት ወላጆች ብቻቸውን ያንን ሁሉ ቁጥቋጦ ሊያዳርሱት አይችሉም። አራት ሲሆኑ ግን ይቻላል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

ወሳኙ ጥያቄ፦ አማካዩ ወይስ መዋዠቁ?

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። መሐንዲስ ስለ አንድ ሥርዓት ሲጠየቅ «በአማካይ ምን ያህል ይሠራል?» ብሎ አይቆምም፤ «በመጥፎ ቀን ምን ይሆናል?» ይላል። ሕንፃ ሥር የተቀመጠ ጄኔሬተር አስቡ። መብራት ባለበት ቀን ምንም አይጠቅምም። እንዲያውም ቦታ ይይዛል፣ እድሳት ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይበላል። ጥቅሙ የሚታወቀው መብራት የሄደ ቀን ነው።

ረዳት ወፎችም እንደዚህ ይሆኑ? ይህን ለመመለስ ያችን ሂሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ለማስረዳት የፈጠርኳቸው።

ሁለት የወፍ ዘሮች አሉ እንበል። ሁለቱም በ100 ወፍ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ረዳት የለውም፤ ዝናብ በጣለበት ዓመት ቁጥሩ በ2 ይባዛል፣ በድርቅ ዓመት በ0.4 ይባዛል። ሁለተኛው ረዳት አለው፤ ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም ቁጥሩ በ1.2 ይባዛል። አማካያቸውን አስሉ፦ 2 እና 0.4 ተደምረው ለ2 ሲካፈሉ 1.2 ይሆናሉ። እኩል ናቸው! አማካዩን ብቻ ያየ ሰው «ረዳት ያለውና የሌለው ልዩነት የላቸውም» ብሎ ይደመድማል።

አሁን ግን አንድ የዝናብ ዓመትና አንድ የድርቅ ዓመት እናሳልፋቸው። የመጀመሪያው ከ100 ወደ 200 ከፍ ይልና ወደ 80 ይወርዳል። ሁለተኛው ከ100 ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 144 ይደርሳል። ይህ 10 ዓመት ይቀጥል፤ 5 የዝናብ፣ 5 የድርቅ። የመጀመሪያው ወደ 33 ወፍ ይወርዳል። ሁለተኛው ወደ 619 ያድጋል። የዓመቶቹን ቅደም ተከተል ብትቀያይሩትም መጨረሻው አይለወጥም፤ ማባዛት ስለሆነ።

ምን ሆነ? ትውልድ የሚባዛ እንጂ የሚደመር ነገር ስላልሆነ ነው። አንድ መጥፎ ዓመት የጎዳውን ለመጠገን አንድ ጥሩ ዓመት አይበቃም። ስለዚህ ረዳት አማካዩን ምንም ባይጨምር እንኳ፣ መዋዠቁን ከቀነሰ ብቻ፣ ዘሩን ሊያተርፍ ይችላል።

ካላሃሪ ላይ የተገኘው ይኸው ነው

ይህ እስካሁን ሐሳብ ነው። በእውነተኛ ወፎች ላይስ ይታያል? ፓብሎ ካፒያ-ላሼራስ፣ አንድሩ ያንግና ባልደረቦቻቸው በደቡብ አፍሪካ ጽዋሉ ካላሃሪ በተባለው ጥብቅ ሥፍራ ነጭ ቅንድቦቹን ለአሥር ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ አድቫንስስ» ላይ አሳተሙ።

እንዲህ ያለ ጥናት እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ እያንዳንዱ ወፍ እግሩ ላይ የቀለም ቀለበት ይደረግለታል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ እየተቀላቀለ፣ ልክ እንደ መኪና ታርጋ። ከዚያ ጎጆው ላይ ማን እንደመገበ፣ ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ ስንት ጫጩት እንደተረፈ ይመዘገባል። ጎን ለጎን የዝናቡ መጠን ይለካል። ከዚያ ዓመት አልፎ ዓመት ይተካል፤ ትዕግሥት ነው ዋናው መሣሪያ።

ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ረዳቶች በአማካይ የጥንዶቹን ስኬት አልጨመሩም። ምንም! ግን ዓመቶቹን በደረቅና በእርጥብ ስትከፍሏቸው ሌላ ሥዕል ይወጣል። በደረቁ ጊዜ ረዳት ያላቸው ጥንዶች የተሻለ ጫጩት አሳደጉ። በእርጥቡ ጊዜ ደግሞ ረዳት ያላቸው እንዲያውም ዝቅ አሉ። ሁለቱ ሲጣፉ አማካዩ እዚያው ቀረ፤ በዝናብ ምክንያት የሚመጣው መዋዠቅ ግን ቀነሰ።

በጥጋብ ጊዜ ረዳት ለምን ይጎዳል? አንዱ ምክንያት ግልጽ ይመስላል፦ ምግብ ሞልቶ ሁለት ወላጆች ሲበቁ ረዳቱ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እሱ ራሱ ግን ከዚያው ቦታ ይበላል። ጄኔሬተሩን አስታውሱ፤ መብራት ባለበት ቀን ወጪ ነው።

ወይም ደግሞ እድርን አስቡ። በየወሩ መዋጮ ትከፍላላችሁ። ደህና በሆናችሁበት ዓመት ኪሳችሁ ጎደለ እንጂ አልሞላም። እድር የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። እርግጥ ወፎች ተሰብስበው ደንብ አላወጡም፤ ስለ መጪው ድርቅም አላሰቡም። ማንም ሳያቅደው፣ በክፉ ዓመት ያልጠፉት ዘሮች ናቸው ለቀጣዩ ትውልድ የደረሱት። የተፈጥሮ ምርጫ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ሰፋ አድርገን ስናየው

አንድ የወፍ ዝርያ አንድ ምሳሌ ነው፤ ነገሩ በሌሎችም ላይ ይታያል? እ.ኤ.አ. በ2007 ደስቲን ሩበንስታይንና ኧርቢ ላቬት 45 የአፍሪካ ስታርሊንግ ዝርያዎችን አነጻጸሩ። በደን ውስጥ የሚኖሩት፣ ዝናባቸው ብዙ የማይለዋወጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥንድ ብቻ ይራባሉ። ሣርና ግራር በተቀላቀለበት ሜዳ የሚኖሩት፣ ዝናባቸው የማይታመነው፣ በትብብር የመራባት ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነው። ዝናቡ «ይመጣል፣ አይመጣም» በሚባልበት አገር መረዳዳት ሥር ሰድዷል።

ሩበንስታይን ላንጋኖ ላይ ፍርፋሪ የሚለቅመውን ያንን ስታርሊንግ በኬንያ ላይኪፒያ፣ ምፓላ የምርምር ማዕከል አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አጥንቶታል። አካባቢው እንደ ደቡብ ኢትዮጵያ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አለው፤ ረጅሙና አጭሩ። ሁለቱም ሊቀሩ ይችላሉ። የስታርሊንጎቹ ቡድን ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ ይሰፋል፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ብዙ ጥንዶች ይራባሉ፣ ከሌላ ቦታ የመጡ ዘመድ ያልሆኑ ወፎችም አሉ።

ታዲያ ዘመድ ያልሆነው ለምን ይረዳል? የሃሚልተን ሂሳብ ለእሱ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2025 ይኸው ቡድን የ20 ዓመት፣ ማለትም የ40 የመራቢያ ወቅት መረጃ ሰብስቦ መልስ አቀረበ። ስታርሊንግ በዕድሜው ውስጥ ሚናውን ይቀያይራል፤ ዘንድሮ ረዳት የነበረው በሚቀጥለው ወቅት ወላጅ ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ ረዳት ይሆናል። መረጃው ሲፈተሽ «አንተ ስትረዳኝ እኔም እረዳሃለሁ» የሚመስል ግንኙነት በተወሰኑ ወፎች መካከል ለዓመታት እንደሚዘልቅ ታየ። ይህን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ጥናት ማየት አይቻልም ነበር፤ ብድሩ የሚመለሰው ከብዙ ወቅት በኋላ ነውና። በእኛ ቋንቋ ደቦ ማለት ነው፤ ዛሬ የእናንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ።

እድሩ የማይችለው ሞት

እስካሁን ያለው ታሪክ ደስ ይላል፦ ድርቅ ይመጣል፣ ወፎች ይረዳዳሉ፣ ይተርፋሉ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን አላለቀም።

እዚያው ካላሃሪ፣ ኩሩማን ወንዝ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ፣ ነጭና ጥቁር ቀለም ያላቸው «ፓይድ ባብለር» የሚባሉ ወፎች አሉ። እነሱም በቡድን ነው የሚኖሩት፣ እነሱም ረዳት አላቸው። ከተመራማሪዎቹ ጋር በጣም ስለተላመዱ ትንሽ ምግብ ሲሰጣቸው ራሳቸው ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ወፍ ጠዋትና ማታ ስንት ግራም እንደሆነ ይታወቃል።

ከዚህ ሚዛን አንድ ከባድ ቁጥር ወጣ፦ 35.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከዚህ ካለፈ፣ ወፉ ቀን የሚጨምረው ክብደት ሌሊት የሚቀንሰውን አይተካም። ለምን? ወፍ እንደ እኛ አያልብም። ሲሞቀው አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ክንፉን ገለጥ ያደርጋል፣ ጥላ ውስጥ ይቆማል። እያለከለኩ ደግሞ አፈር ቆፍሮ ትል ማውጣት ይከብዳል። ምግብ ፍለጋው እንዳለ ቢቀጥል እንኳ የሚያገኘው ይቀንሳል።

አሁን ድርቁና ሙቀቱ አንድ ላይ ሲመጡ አስቡት። አማንዳ ቦርንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ይህን ነው የጠየቁት፦ ትልቅ ቡድን ውስጥ ያለ ባብለር ሞቃት ድርቅን ከትንሽ ቡድን አባል የተሻለ ይቋቋመዋል? መልሱ «አይ» ሆነ። ከሞቃት ድርቅ በኋላ ወጣቶቹም አዋቂዎቹም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ወረደ፤ የወረደውም በሁሉም ዓይነት ቡድን ውስጥ ነው፣ ትልቅም ትንሽም። ጫጩቶቹንም ቢሆን የረዳት ብዛት ከሙቀቱ አላዳናቸውም።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አሁን አውጧት። ረዳት የጉልበት ችግርን ይፈታል። ምግቡ ኖሮ የተበታተነ ሲሆን፣ ብዙ ዓይንና ብዙ ክንፍ ያገኘዋል። ሙቀት ግን የጉልበት ችግር አይደለም። እናትም ታለከልካለች፣ አባትም ያለከልካል፣ ረዳቱም ያለከልካል፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ጥላ ሥር ይቆማሉ።

በምህንድስና ይህ በጣም የታወቀ ስህተት ነው። አንድ ጄኔሬተር ቢበላሽ ብላችሁ ሁለተኛ ገዛችሁ እንበል። ብልህ ናችሁ። ግን ሁለቱም ናፍጣ የሚቀዱት ከአንድ በርሜል ከሆነ፣ በርሜሉ ባዶ የሆነ ቀን ሁለት ጄኔሬተር ከዜሮ ጄኔሬተር ምንም አይለይም። መጠባበቂያ የሚያድነው አንዱ ሲወድቅ ሌላው መቆም ሲችል ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚጥል ነገር ከመጣ ብዛት አይረዳም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እውነት ነው። ግን ድሩን የሚያቃጥል እሳት ሲመጣ ክሮቹ ብዙ መሆናቸው አያድንም።

ቦረና ላይ ያለው ቁራ

ይህ ጉዳይ ወደ ቤታችን ሲመጣ ስም አለው። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በቦረና ዞን፣ ያቤሎና ሜጋ አካባቢ፣ በዓለም ሌላ የትም የማይገኝ ወፍ ይኖራል፦ የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ። ገላው ነጣ ያለ ግራጫ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ዙሪያ ያለው ላባ የሌለው ቆዳ ሰማያዊ ነው። ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ግራር ላይ ትልቅ ድቡልቡል ጎጆ ይሠራል። ከጥንዶቹ ሌላ ሦስተኛ ወፍ ጎጆው ላይ ሲያግዝ በተደጋጋሚ ታይቷል። እሱም ከተረዳዳጆቹ ወገን ነው።

ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባቸው ነገር ነበር፦ ይህ ወፍ ለምን እዚያች ትንሽ ቦታ ብቻ ቀረ? ከዚያ ወጣ ብሎ ያለው ግራርና ሣር ተመሳሳይ ነው። መልሱ የተገኘው ከቴርሞሜትር ነው። የሚኖርበት ቦታ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል ቁራው ይጠፋል። በዙሪያው ባለ ሞቃት ምድር መሐል፣ በማይታይ ግድግዳ ታጥሮ የተቀመጠ ያህል ነው። እዚያው አብረውት ከሚኖሩት ስታርሊንጎች ጋር ሲነጻጸርም፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል እሱ ይበልጥ ይቸገራል፦ ያለከልካል፣ ጥላ ይፈልጋል።

እንግዲህ ከባብለሮቹ የተማርነውን እዚህ አምጡት። ለዚህ ወፍ ረዳት መኖሩ ለደረቅ ወቅት ይጠቅመው ይሆናል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን ረዳቱም እኩል ይሞቀዋል። ወደ ሌላ ቦታ እንዳይሰደድ ደግሞ በዙሪያው ያለው ሁሉ ከእሱ ቦታ የባሰ ነው። የአየር ንብረት ትንበያዎች የሚያሳዩት ለእሱ የሚስማማው ቦታ አብዛኛው በዚህ ክፍለ ዘመን ሊጠፋ እንደሚችል ነው።

ቦረና ላይ ያለው ሰውም ይህን ነገር ያውቀዋል። የቦረና ኦሮሞ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ከብት አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል ሥርዓት አለው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲያነሳው የተሠራ ነው፤ ለብዙ ድርቅም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ግን አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ፤ ገናም ቀረ፣ ሀጋያም ቀረ። እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። የሚያዋጣውም የሚዋጣለትም በአንድ ጊዜ ሲያጣ ሥርዓቱ ምን ያህል እንደሚፈተን መገመት አያቅትም። በርሜሉ አንድ ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል?

መረዳዳት አይረባም ለማለት አይደለም። ነጭ ቅንድቦቹ ያሳዩን መረዳዳት በደረቅ ዓመት ጫጩት እንደሚያተርፍ ነው። ባብለሮቹ ያሳዩን ደግሞ ወሰኑን ነው። መሐንዲስ ይህን ሲሰማ ሁለተኛ በርሜል ይፈልጋል፤ ማለትም ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የማይወድቅ ነገር። ለወፎቹ ያ ነገር ጥላ ሊሆን ይችላል፦ ያልተቆረጠ ትልቅ ግራር፣ ያልተራቆተ ሣር፣ በቀትር የሚጠለሉበት ጥግ። የዓለምን ሙቀት መቀነስ የሁሉም አገር ሥራ ነው፤ ግራሩን ማቆየት ግን እዚያው አካባቢ ያለ ሰው ሊያደርገው የሚችል ነው።

እናንተም የምትሠሩት ነገር አለ። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከሆናችሁ ወይም ስትሄዱ፣ የስታርሊንግ ጎጆ ስታገኙ ራቅ ብላችሁ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጎጆውን አትንኩ፣ ወፎቹንም አታስደንግጡ። አንድ ሰዓት ጠብቁና ምግብ ይዘው ስንት የተለያዩ ወፎች እንደመጡ ለመለየት ሞክሩ፤ ሦስት ወይም አራት በአንድ ጊዜ ካያችሁ ረዳት አለ። ሰዓቱን፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩትን ብዛት፣ የመጨረሻው ዝናብ መቼ እንደጣለ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ወቅት ተመልሳችሁ ያንኑ ድገሙ።

የ20 ዓመት ጥናትም ሊጀምር የሚችለው አንድ ሰው ጎጆ ሥር ቁጭ ብሎ «ይሄኛው ደግሞ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።